አንድ ሹራብ ለሁለት

ጓደኛዬ ትምህርቴን ወሰደብኝ። ያደረገው ነገር ሌላ ስም የለውም።

ከላዬ ፎቅ ያሉት ሰዎች የልጃቸውን የዩኒፎርም ሹራብ አጥበው ሲያሰጡ ውሃው በረንዳዬ ላይ ይንጠባጠባል። የእርጥብ ሹራብ ሽታ ሲመጣብኝ በሩን እዘጋለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ሽታው ቀድሞኝ ገብቷል።

እዚሁ ልደታ፣ ይሄ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ፣ የእኛና የጓደኛዬ ቤት አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራ ነበር። እናቶቻችን አዋጥተው አንድ ሰማያዊ ሹራብ ገዙልን። እሱ የጠዋት ፈረቃ፣ እኔ የከሰዓት። ስድስት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አውልቆ ይሰጠኛል፤ በእሱ ላብ እንደሞቀ አጠልቀዋለሁ።

"አታስፋብኝ፣ አንተ ሆዳም" ይለኝ ነበር። ሁለታችንም ሆድ የሚባል አልነበረንም።

ኋላ ፈረቃው ቀረና ሁሉም ሙሉ ቀን ይማር ተባለ። ያለ ሹራብ ደግሞ ዘበኛው አያስገባም። አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ ልንሄድ ተስማማን። ሰኞ እሱ ሄደ። ማክሰኞ በራቸውን ሳንኳኳ ለብሶት ወጣ።

"ተራዬ ነው" አልኩት።

"ስማ፣ ሁለታችንም ግማሽ ከምንማር አንዳችን ሙሉ እንማር።"

"እንግዲያ እኔ ልማራ።"

ሳቀ። እጅጌውን ያዝኩት፣ እሱም ወደ ራሱ ሳበ። ትከሻው ላይ ክሩ ሲበጠስ ሰማሁ። ከተቀደደ ለማናችንም አይሆንም። ለቀቅኩ። አየህ፣ እንደምለቅ ያውቅ ነበር።

እናቴ "ከጎረቤት ልጅ አትጣላ፣ ለከርሞ እንገዛለን" አለች። ከርሞ ሲደርስ አብነት ሰፈር፣ ጎሚስታ ቤት ጎማ ስነፋ አገኘኝ። እሱ ተምሮ ሜክሲኮ አደባባይ ካሉት ፎቆች ባንዱ ቢሮ ያዘ። ጎማ ሊያስነፋ ሲመጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ሆዳሙ፣ እንዴት ነህ?" ይለኛል። እነፋለታለሁ። ስለ ሹራቡ እሱ አላነሳም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እኔ በቅጡ ማንበብ የቻልኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፣ በማታ ትምህርት።

እሱ ሞቶ፣ የቀብሩ ዕለት ልጆቹን ለቅሶ አንቋቸው የሕይወት ታሪኩን ማንበብ አቃታቸው። የእድሩ ዳኛ ወረቀቱን እጄ ላይ አኖረው።

"አብሮ አደጉ አንተ ነህ፣ አንብብለት።"

የትናንቱ በዓል ጧፍ ሽታ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገና አልወጣም። ጣቴን ከመስመሩ ስር እያስኬድኩ አነበብኩ። "ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ" የሚለው ላይ ድምፄ ቆመ። ያለቀስኩ የመሰላቸው ነበሩ። ይምሰላቸው።

"አይዞህ" አለኝ ዳኛው።

እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ጉዳያችን እዚያ አለቀ፤ ግንቦት ሁለት ቀን፣ በልደታ ማግስት።