የሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ

በአየር መንገዱ የዕቃ ማጓጓዣ ቢሮ መስኮት ሁሌ አንደኛ የሚቆሙት ሽማግሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ጫማቸው በማለዳ ተወልውሏል፤ ኮታቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። በሰው አገር በቤት ሠራተኝነት ላይ እንዳለች የሞተችውን የልጃቸውን አስከሬን መጠበቅ ከጀመሩ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀናቸው ነው።

«የእኔ ልጅ፣ መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?»

«አባባ፣ ነገርኩዎት እኮ! ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ የሦስት ሰዓት ተኩል በረራ ነው።» ጸሐፊዋ ቀና እንኳ አላለችም።

«በእኔ አሮጌ መኪና እኮ አራት ቀን ነው» አሉ። «ያውም ጎማ ፈንድቶ!»

ወረፋው ሳቀ። ከኋላቸው የቆምኩት እኔ ግን ደሜ ፈላ። ልጃቸው ለጉልበቷ ስትፈለግ ወረቀቷ በሦስት ቀን አልቆ ነበር፤ ለመቀበር ሲሆን ማኅተም የሚመታ እጅ ጠፋ። ታዲያ ለእኒህ አባት የበረራ ሰዓት መንገር ሹፈት እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

«እናቷስ እንዴት ቻሉት?» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትመጣለች አልኳት፤ አልዋሸሁም» አሉ። «አልጋዋን አንጥፋ ትጠብቃታለች።»