በልኬ የተሠራው ወንበር

ፀሐይ ላይ የቆየ ጎማ መዳፍ ላይ የሚተወው ሽታ አለ። ዛሬ ጠዋት ቡላኦስ ሰፈር ባለው ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ለልጅሽ ያመጡለትን ዊልቸር ስታሳዪኝ ያ ሽታ ወደ አሥራ አምስት ዓመቴ መለሰኝ። "ይሄን ልቀበል ወይስ ሌላ ልፈልግ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቆይ፣ የራሴን ላጫውትሽ።

ያኔ የምንኖረው ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ነበር። በሙቀቱ ወራት ጣሪያ ላይ ነበር የምናድረው። አንድ ንጋት ስወርድ መሰላሉ ተንሸራተተና ጀርባዬ ተጎዳ። ከሆስፒታል ስወጣ እግሮቼ አልታዘዝ አሉኝ። ወደብ ላይ የሚሠራው አባቴ በየማለዳው አዝሎኝ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። መንገዱን ሳናጋምስ ሸሚዙ በላብ ይርሳል፤ ትንፋሹ ያጥራል። "ከበድኩህ አባዬ?" ስለው "ምን ትከብጃለሽ" ይለኛል።

በኋላ ዊልቸር ተገኘ ተባልን። ሆስፒታሉ ጓሮ ካለው መጋዘን አቧራውን አራግፈው አወጡት። ለትልቅ ሰው የተሠራ ከባድ ብረት ነበር፤ በጎኔና በክንድ መደገፊያው መካከል ሌላ ልጅ ያስቀምጣል። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ። እኔ ጎማውን ልይዝ እጄን ብዘረጋ ክርኖቼ ወደ ውጭ ተከፈቱ፤ ጣቶቼ ጫፉን ብቻ ነኩት።

"አልፈልገውም" አልኩ።

የአባቴ ፊት ተለዋወጠ። "ልጄ፣ ሰው የሰጠሽን አትግፊ። እያደግሽ ስትሄጂ ልክሽ ይሆናል።"

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ረጋ ያለች ሶማሌ ሴት፣ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና በሶማሊኛ ጠየቀችኝ። "ማን ነው የሚገፋሽ?"

"ማንም። ራሴ።"

አልሳቀችም፤ ጥያቄዋን ቀጠለች። የቤታችሁ በር ምን ያህል ይሰፋል? ሰፈራችሁ አስፋልት ነው ወይስ አሸዋ? ታክሲ ላይ እንዴት ትጭኑታላችሁ? በቀን ምን ያህል ትቀመጫለሽ? ሰውነቴ ከወገቤ በታች ስለማይሰማኝ፣ ጥሩ ትራስ ከሌለኝ ሳላውቀው እንደምቆስል የነገረችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። "ይሄ ወንበር ሌላ ሰው ለሚገፋው ነው። እሷ ግን ራሴ ብላለች" አለችው። በልክ የሚሠራ እንዳለ፣ ግን እንደሚያስጠብቅም ነገረችን።

"እጠብቃለሁ" አልኩ።

አባቴ ፊቱን እንዳጠቆረ አዝሎኝ ወደ ቤት ተመለሰ። ቤት ገብተን ካስቀመጠኝ በኋላ ግን ቀበቶውን ፈትቶ የበሩን ስፋት ሲለካ አየሁት። "ጠባብ ነው" አለ ለራሱ።

የሙቀቱን ወራት በሙሉ እሱ ጀርባ ላይ ሆኜ ጠበቅሁ። ወገቡን ይዞ ሲቃና እያየሁ ያንን ትልቁን እንቀበል ያልኩባቸው ቀኖች ነበሩ። ያልፈቀደልኝ እሱ ነው። "ራሴ ብለሻል፤ ራስሽ ትሄጃለሽ" አለኝ። ከሰዓት በኋላ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ፣ ክንዴ እንዲጠነክር አሸዋ የሞላሁባቸውን የውሃ ጠርሙሶች አነሳ ነበር።

ወንበሩ ባለሙያዋ በወሰደችው ልክ አዲስ አበባ ተሠርቶ በባቡር መጣ። ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄደን ተቀበልነው። ቀላል፣ የሚታጠፍ፣ በነፋስ የሚሞላ ሰፋ ያለ ጎማ ያለው ነበር። ስቀመጥበት ዳሌዬን ልክክ አድርጎ ያዘኝ፤ መዳፌም ጎማው ላይ በደንብ አረፈ። አባቴ ከኋላ እጀታውን ሊይዝ ሲል "ተወኝ አባዬ" አልኩት። መጀመሪያ ስገፋው ተጣመመብኝና ግድግዳ ነካሁ። እንደገና ሞከርኩ። መውጫው ላይ ደረጃ ገጠመኝ፤ አባቴ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። ዞሬ ደረጃ የሌለውን ተዳፋት መንገድ ፈለግሁ፤ አገኘሁትም።

ለአንቺም የምልሽ ይሄው ነው፤ ልጅሽን አስቀምጪውና ራሱን ጠይቂው። ክርኑን እዪ፣ የቤትሽን በር ለኪ፣ ትራሱን አትርሺ። ካልሆነው ለሚሆነው ሰው ይሁን ብለሽ መልሺ። መጠበቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ያን ቀን ከጣቢያው ስንወጣ አባቴ ጎን ለጎን አብሮኝ ሄደ። የቤታችንን በር እንዴት እንደሚያሰፋው እያወራኝ ሳለ ቀና ብዬ አየሁት። ያን ሁሉ ወራት በየማለዳው ስናወራ የማየው ማጅራቱን ነበር። ቅንድቡ ሸብቷል፤ ከዓይኑ ሥር ያለው መስመር ጠልቋል። መቼ እንዲህ እንዳረጀ አላወቅሁም።

"ምን ታያለሽ?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት። እንዳልቀድመው ጎማውን ቀስ አድርጌ ገፋሁ።