ኮዱ የሞላው ሰፌድ

ጦርነቱ ጋብ ብሎ ወደ መርሳ ስንመለስ ቤታችን ተራቁቶ ጠበቀን። እናቴ በእጇ ከሰፋችው ሁሉ የተረፈው አንድ ሰፌድ ነው፤ እሱንም በጋችንን አርደው የበሉት ወታደሮች ለእሳት ማቀጣጠያ ብለው አንድ ጎኑን አቃጥለውታል። እናቴ አመዱን አራግፋ ግድግዳ ላይ መልሳ ሰቀለችው።

እኔ የኮምፒውተር ሰው ነኝ፤ ለወልድያ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሰፌዱን በኮድ ልሥለው ተነሣሁ። ፎቶ አነሣሁትና የአለላውን ቀለም ዙር በዙር ወደ ቁጥር መለስኩት። ሰፌድ ከእምብርቱ ተነሥቶ እየዞረ ስለሚሰፋና ጌጡም ስለሚደጋገም፣ ኮዱ የጎደለውን ጎን ከደህናው ቀድቶ ሞላው። ስክሪኑ ላይ ለሙሽራ የተሰፋ መስሎ ወጣ። አዳራሹን የሞላው እንግዳ "ሲያምር!" እያለ ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ስለ ጦርነቱ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም ለቅሶ ሳይደርስ ለተዝካር የመጣ ዘመድ ይመስላል።

ሥዕሉን ለእናቴ በስልኬ አሳየኋት። ጠባሳውን በጣቷ ፈልጋ አጣችው።

"የተቃጠለውስ?" አለችኝ።

"ኮዱ ሞላው፣ እማዬ።"

ስልኩን መለሰችልኝ። "ያቃጠሉትም እኮ የሚሉት ይኸንኑ ነው፣ ልጄ፤ ምንም አልተቃጠለም።"