ቀይ ክር የታሰረበት ሽቦ

ልጅ እያለሁ ኮላ እስኪደርቅ መጠበቅ አይሆንልኝም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሙሉጌታ ሁለት ጣውላ አጣብቆ «እስከ ነገ እንዳትነኪው» ብሎኝ ዞር ሲል፣ እኔ በጣቴ ነካ አደርገዋለሁ፣ አሸተዋለሁ፣ ይዞ እንደሆነ ለማየት ገፋ አደርገዋለሁ። እናታችን «ይቺ ልጅ እግሯ ስር እሳት አለ እንዴ?» ትላለች። ስትቆጣ ደግሞ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የምትለው ተረት ነበራት። እኔ ግን ተረቱ ሳያልቅ በር ላይ ነኝ።

የምንኖረው ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወረድ ባለ የቀበሌ ቤት ነበር። ያን ክረምት ግቢያችን ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸት ነበር። ሙሉጌታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ኤሌክትሪክ ካልተማርኩ ብሏል። አባባ ደግሞ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረውና የበኩር ልጁ ከጎኑ እንዲቆም ይፈልጋል። ሲጨቃጨቁ ሰነበቱና አባባ አንድ ቀን ነገሩን ቆረጠው።

«ቡፌው ላይ የሚቀመጡ ስፒከሮች በገዛ እጅህ ሥራልኝ። ያገሬን ከበሮ እንደ ወጉ ካሰሙኝ ትማራለህ፤ ካልሆነ ሱቅ ትገባለህ። የምሰማው ግን አንድ ጊዜ ነው። ገበያተኛም ሁለቴ አይመለስም።»

ሙሉጌታ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም አልነበረው። የሳጥኖቹን ቁመትና ስፋት በሂሳብ ደብተሩ ላይ ያሰላል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ያሰላል። ጎረቤት ከጣለው ቁምሳጥን ላይ ቺፑድ ቆርጦ ሁለት ሳጥን ሠራ፤ ውስጣቸውን ከሱቅ በመጣ የብርድ ልብስ ቁርጥራጭ አለበሰው። ስፒከሮቹን ራሳቸውን ያገኘናቸው ምን አለሽ ተራ ነው። መንታ ይመስላሉ፣ ግን የቱ ሽቦ ቀይ የቱ ጥቁር እንደሆነ የሚናገር ምልክት አልነበራቸውም።

ይህን መለየት የኔ ሥራ ሆነ። የባትሪ ድንጋይ በሁለቱ ሽቦዎች አነካለሁ፤ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ከዘለለ በድንጋዩ አናት በኩል ያለው ሽቦ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ፤ ወደ ውስጥ ከገባ አዟዙሬ እሞክራለሁ። «ሁለቱ እኩል ካልገፉ አለቀልን» ብሎ ስንት ጊዜ ነግሮኛል! የመጀመሪያውን በወጉ ሠራሁት። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ጓደኞቼ ከአጥሩ ውጭ ሰኞ ማክሰኞ እየዘለሉ ስሜን ጠሩ። ድንጋዩን እንኳ አላነሳሁም። ክሩን ካገኘሁት ሽቦ ላይ አሰርኩና ሮጥኩ።

እሑድ ከምሳ በኋላ አባባ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከቡፌው ፊት ተቀመጠ። ሙሉጌታ ያገራችንን የጉራጌ ጭፈራ ካሴት ቴፑ ውስጥ ከተተ። መጀመሪያ ቀኙን ብቻ ከፈተ፤ ከበሮው ደረታችን ላይ መታን። ግራውን ብቻ ከፈተ፤ እሱም እንደዚያው። የአባባ እግር ሳያስበው ወለሉን መምታት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ሁለቱን ባንድ ላይ ሲከፍታቸው ከበሮው ጠፋ። ዘፋኙ አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ ከበሮው ግን የለም።

ሙሉጌታ ጎንበስ ብሎ ከሳጥኖቹ ጀርባ ክሮቹን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ አባባ።

«የሳጥኑን ልክ ተሳስቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሙሉጌታ።

አባባ አልተቆጣም። ሰኞ ጠዋት ሱቁን አብረው ከፈቱ።

እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። በዚያው ሰኞ ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮ ከሚጠግኑት ከጋሽ ተካ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ነገርኳቸው። «የኔ ልጅ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ነው። ሳጥኑ ምንም አላጠፋም፤ ሽቦው ነው የተገላበጠው» አሉኝ። ክው አልኩ። እየሮጥኩ ቤት ገብቼ፣ ሁለተኛውን ስፒከር ፈትቼ፣ ያን ቀን ያላነሳሁትን ድንጋይ አነካሁበት። ወረቀቱ ወደ ውጭ ዘለለ። ቀዩ ክር ትክክለኛው ሽቦ ላይ ነበር፤ ግን የታሰረው በኔ ቋጠሮ አልነበረም። ሙሉጌታ እሑድ ማታ ቀድሞኝ አስተካክሎታል።

ማታ ሙሉጌታ ከሱቅ ሲመለስ ጥፊ ስጠብቅ ካቻቢቴውን አቀበለኝ። «እንግዲህ ያንቺ ነው» አለኝና ራቱን ሊበላ ገባ።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው። ግቢያችን በነበረበት ኮንዶሚኒየም ቆሟል፣ አባባም አርፏል፣ ሱቁን ሙሉጌታ ይዞታል። ኤሌክትሪክ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ የምተዳደረው በየአዳራሹ ድምፅ እየዘረጋሁ ነው። እያንዳንዱን ሽቦ ሦስት አራት ጊዜ ስለምፈትሽ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ባለፈው ሳምንት ሱቁ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ አላስችል አለኝና «ያን ቀን ለምን አላጋለጥከኝም?» አልኩት።

«ተይ እባክሽ፣ የልጅ ነገር» አለ ብርድ ልብስ እያጠፈ። አልለቀው ስለው ግን ቀና ሳይል እንዲህ አለኝ፦ «አባባን ታውቂው የለ? እኔን ቢምረኝ እንኳ አንቺን ዳግመኛ ካቻቢቴ አያስነካሽም ነበር። 'ድሮስ ሴት ልጅ' ሊል ነው። እጅሽ ደግሞ ከኔ ይሻል ነበር።»

ደንበኛ ገባና ወደሱ ዞረ።

ወጥቼ እስከ ሜክሲኮ በእግሬ ሄድኩ። ልጅ ብሆን ኖሮ እዚያው አንገቱ ላይ እጠመጠም ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ ግን ስልኬን ሦስት ጊዜ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት። በአራተኛው ደወልኩ።

«ምነው፣ የረሳሽው ነገር አለ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ይኸው ሠላሳ ዓመት ሳላመሰግንህ» ብዬ አለቀስኩ።