የአስቻለች አሥራ አንድ ደረጃ

አስቻለች ሱሪውን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች። በሳሙና ቁራጭ ታሰምርበታለች። ቾክ አትወድም፤ ቾክ ጥቁር ጨርቅ ላይ ይቀራል፣ ሳሙና ግን በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል። ጫፉን ሁለት ጊዜ ታጥፈዋለች፣ መጀመሪያ ግማሽ ጣት፣ ቀጥሎ ሦስት ጣት። እጥፋቱን በአራት ስፒል ትይዛለች። የክሩን ጫፍ በምላሷ አርሳ፣ በጥርሷ አሹላ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ታሾልከዋለች። ጨርቁን የሚጫነውን ብረት ታወርዳለች። ከዚያ ቀኝ እጇ በስፌት መኪናው ጎን ወደተገጠመው እጀታ ይሄዳል። ታዞራለች። ግራ እጇ ብቻውን ጨርቁን ይመራል። አራት ጣት ያህል ሰፍታ ትቆማለች። መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ ትተወውና በሁለት እጇ ጨርቁን ታቃናለች፣ ስፒሉን ነቅላ በከንፈሯ ትይዛለች፣ እንደገና ወደ እጀታው ትመለሳለች።

በእግሯ እየረገጠች በምትሰፋበት ጊዜ ለአንድ ሱሪ ጫፍ አምስት ደቂቃ ይበቃት ነበር። አሁን አሥራ ሁለት ነው።

«እግር አጣች ይሉኛል» ትላለች። «እኔ ያጣሁት እጅ ነው። ድሮ ለጨርቁ ሁለት እጅ ነበረኝ።»

መርገጫው ከመኪናው ሥር አልተነሳም። ክራንቿን ታስደግፍበታለች።

አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ልጇ ቢኒያም ሐዋሳ ሹፌር ነው። ቤቷ ወደ ቁስቋም ከሚወስደው አስፋልት ዝቅ ብሎ ያለ ግቢ ውስጥ ነው። ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ አሥራ አንድ የድንጋይ ደረጃ አለ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ተሸክማ ወጥታበታለች፣ ወርዳበታለች፤ ስንት እንደሆነ ግን ቆጥራው አታውቅም ነበር።

ጀርባዋን ማመም የጀመራት በሰኔ ነው፤ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ መሀል ላይ። ጎረቤቷ ገበያነሽ ቅባት ይዛ መጣች።

«ብርድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! በሩን ከፍተሽ ጀርባሽን ለእንጦጦ ነፋስ ሰጥተሽ ትውያለሽ።»

«ጎንብሼ ስለምሠራም ነው መሰለኝ።»

«እሱም ነው፣ ብርዱም ነው። በቃ፣ መቀነትሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ።»

ብርድ ነው ተብሎ ተዘጋ። ማታ ማታ ትኩሳት መጣ፣ አንሶላ የሚያረጥብ ላብ መጣ፤ ይኼም ብርዱ ሲወጣ ነው ተባለ። እስከ ኅዳር ድረስ የራሷን ቀሚስ ሁለት ጊዜ አጠበበች። የሰው ወገብ በሜትር ለክታ ግማሽ ሳንቲም የማታልፍ ሴት፣ የራሷ ወገብ ሰባት ሳንቲም ሲቀንስ «የጾም ነው» አለች።

በታኅሣሥ መኪናው ያስቸግራት ጀመር። እግር እኩል ካልረገጠ የስፌት መኪና ወደ ኋላ ይዞራል፤ ወደ ኋላ ከዞረ ደግሞ ክር ይበጥሳል። በቀን አንዴ የነበረው በቀን አሥር ጊዜ ሆነ። የስፌት መኪና ጠጋኙን ኪሩን አስጠራችው።

«ኪሩዬ፣ ቺንጋው ላልቷል መሰለኝ፣ ወደ ኋላ እየዞረ አስቸገረኝ።»

ኪሩ መርገጫውን ከላይኛው መዘውር ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ ቀየረ፣ ዘይት አጠጣ፣ ተቀምጦ ረገጠው።

«ይኸው፣ እንደ ውኃ ነው የሚሄደው!»

እሷ ተቀመጠች። ሦስተኛው ስፌት ላይ ክሩ ተበጠሰ።

«እግርሽን እኩል አታሳርፊም እኮ» አላት።

«ሃያ ስምንት ዓመት የረገጥኩትን አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። ኪሩ ዛሬ ድረስ ያንን ሳቅ ይቅር አላለውም። ብልሽቱ መኪናው ላይ አለመሆኑን በገዛ እግሩ ረግጦ አረጋግጦ ነበር፤ መኪናው ደህና ከሆነ የተበላሸው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቀም። እሷም አልጠየቀችም። ከእሷና ከመኪናው ቀድሞ ጠጋኝ የተጠራለት መኪናው ነው።

ገበያነሽ በዚያው ሰሞን ወደ ጋሽ አጥናፉ ወሰደቻት። ጋሽ አጥናፉ ከሦስተኛው ቤት የሚኖሩ ወጌሻ ናቸው። ወለምታ፣ የተናጋ ትከሻ፣ ኳስ ሜዳ የተጣመመ ቁርጭምጭሚት ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው፤ በዚህ የሚያማቸው የለም። ጀርባዋን ዳብሰው መሀሉ ላይ እንደ ሽንብራ የወጣ ጉብታ አገኙ።

«አጥንትሽ ወጥቷል፣ ልጄ። እመልሰዋለሁ።»

ሦስት ቅዳሜ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ሊመልሱት ሞከሩ። አስቻለች መቀነቷን ነክሳ ቻለችው።

በጥር አንድ ጠዋት ከደረጃው በላይ አስፋልቱ ዳር ስትሄድ ገበያነሽ ከኋላ ጮኸች።

«አንቺ! ጫማሽ!»

የግራ እግሯ ነጠላ ጫማ ከአሥር እርምጃ በፊት ወልቆ መንገዱ ላይ ቀርቷል። ባዶ እግሯን ጠጠር ላይ ስትሄድ አልተሰማትም። ገበያነሽ ጫማውን አንስታ «ልብሽ የት ሄዷል?» ብላ ሳቀችባት። በሳምንቱ አራተኛው ደረጃ ላይ ሁለቱም ጉልበቶቿ ከዷትና በግራ እጇ ላይ ወደቀች። አንጓዋ ተሰበረ።

ሆስፒታል የሄደችው እጇን ልታሳይ ነው። ወጣቱ ሐኪም እጇን ይዞ ጠየቃት፦

«እንዴት ወደቅሽ?»

በስምንት ወር ውስጥ ይህን የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ነው። ነገረችው። ጀርባዋን ገልጦ አየ፣ እግሯን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ፣ ራጅ አዘዘ። ውጤቱ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነበር። በሽታው ሁለት አጥንት በልቶ በመሀል የሚያልፈውን ነርቭ ተጭኖታል።

«እኔ እኮ አላስልም» አለችው።

«ሳንባ ብቻ አይደለም የሚይዘው።»

«መቼ ብመጣ ይሻለኝ ነበር?»

«ጫማው ከመውለቁ በፊት።»

«ሲያሹኝ ነው የተበላሸው?»

«መታሸቱ ይሁን መዘግየቱ አሁን መለየት አይቻልም። ሁለቱም ጎድተውሻል።»

አንድ ዓመት ሙሉ መድኃኒት ዋጠች፣ አንድም ቀን ሳታጓድል። ቲቢው ዳነ። ድነሻል የሚል ወረቀትም ሰጧት፤ እግሯ ግን በግማሽ ነው የተመለሰው። ቤት ውስጥ በክራንች ትንቀሳቀሳለች። የግራ እግሯ ጣት አይነሳም። የተሰበረው የግራ አንጓዋ ጨርቅ ይመራል እንጂ የሰውነቷን ክብደት አይችልም። ኪሩ የመርገጫውን ቺንጋ ፈትቶ የእጅ ማዞሪያ ገጠመላት፤ ዋጋ ስትጠይቀው ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

የቀረው ደረጃው ነው። ፊዚዮቴራፒ የምታሠራት ባለሙያ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ሞከረቻት፤ በቀኝ እጇ የግድግዳውን ብረት ይዛ ዘጠኝ ደረጃ ብቻዋን ወጣች። «ሰፈርሽ ብረት ካለ ማንም አያስፈልግሽም» ተባለች። ሰፈሯ ብረት የለም። ስለዚህ መውጣት ባስፈለጋት ቁጥር ሁለት ጎረምሶች በወንበር ይሸከሟታል። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ግን ኳስ ካለ አይገኙም፣ ዝናብ ካለ አይመጡም፣ ሲሸከሟት ደግሞ «ቀስ፣ ቀስ፣ ግድግዳው እንዳይነካት» ይባባላሉ፣ እንደ ቁም ሳጥን።

ኪሩ ሜትር ይዞ መጣና ደረጃውን ለካ። እያንዳንዱ አሥራ ስምንት ሳንቲም ነው፤ ተደምሮ ሁለት ሜትር ሊሞላ ሁለት ሳንቲም ይጎድለዋል። ለተሽከርካሪ ወንበር ተዳፋት መንገድ ይሠራ ቢባል ወደ ሃያ አራት ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ መተላለፊያው ጠቅላላ ዘጠኝ ሜትር ነው። አይሆንም። የሚሆነው ግራና ቀኝ መደገፊያ ብረት ነው። እሱንም እድሩ ይሠራዋል ብላ አሰበች። እድሩ የድንኳን ቋሚ የሚበይድ አባል አለው፣ ትርፍ የውኃ ቱቦም መጋዘኑ ውስጥ ተኝቷል።

በእሑድ ስብሰባ በወንበሯ ተሸክመው አስገቧት። ጥያቄዋን አቀረበች። የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህታችን፣ እግዜር ይማርሽ። ስትታመሚ ደንቡ በሚለው መሠረት መጥተን ጠይቀንሻል። ከዚህ በላይ ያለው ግን ለሞት ነው።»

«ከወገቤ በታች ሞቻለሁ እኮ፣ ጋሼ። ለግማሹ አስቡልኝ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ አንዱ፣ «ሙሉውን ስትሞች እናሟላልሻለን!» አለ። ሳቁ ባሰ። እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ዳኛው ቀጣዩን አጀንዳ አነበቡ፤ የድንኳኑ ሸራ ስለ መቀደዱ።

በማግሥቱ ጋሽ አጥናፉ ቤቷ መጡ። ወንበር ስታሳያቸው አልተቀመጡም፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ።

«አስቻለች፣ እኔ እኮ... እ... አጥንት መስሎኝ ነው።»

«አጥንት ነበር፣ ጋሼ። የተበላው አጥንት ነው።»

«እስካሁን ስንቱን አድኛለሁ!»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያመንኩዎት።»

ባርኔጣቸውን ደፉ። ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጀርባውን ሊታሽ ሰው ሲመጣባቸው ይመልሱት ነበር ይባላል፤ ለምን እንደሚመልሱት ግን ለማንም አልነገሩም።

በነሐሴ ጋሽ አጥናፉ አረፉ። ቤታቸው እዚያው ግቢ ነው፣ መውጫው እዚያው አሥራ አንድ ደረጃ። ያን ቀን ዝናቡ አላባራም፣ ድንጋዩ ሙልጭልጭ ብሏል። አስቻለች በመስኮቷ ታያለች። የሬሳ ሳጥኑን ከፊት በቀኝ በኩል የያዙት የእድሩ ዳኛ ነበሩ። ስድስተኛው ደረጃ ላይ እግራቸው ሸተት ብሎ ወደቁ፣ የሳጥኑ ጫፍ ድንጋዩን መታ። ለቅሶው ቀጥ ብሎ ቆመ። ዳኛው ተነስተው ጭቃቸውን እንኳ ሳያራግፉ ሳጥኑን መልሰው ያዙ።

በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ሆነ። ደረጃው ብረት ይተከልለት ሲባል ማንም አልተከራከረም። በአምስተኛው ቀን ቱቦው ተበይዶ፣ በሲሚንቶ ተተክሎ፣ ግራጫ ቀለም ተቀብቶ ቆመ። ደንቡም አልከለከለም፤ ጉዳዩ የሞት ነው።

ብረቱ የተተከለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ወደ ላይ ለሚወጣ በቀኝ። ኪሩ ዳኛውን አግኝቶ ለመነ።

«ጋሼ፣ በዚያኛውም በኩል ይሁን። ስትወርድ በግራዋ ይሆንባታል፣ የግራ እጇ ደግሞ አይዝም።»

«ልጄ፣ ብረቱ ለሬሳ ነው። ሬሳ ይወጣል እንጂ መቼ ይወርዳል?»

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የተሠራበትን ምክንያት በትክክል ነው የተናገሩት።

አስቻለች ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የወጣችው ለጋሽ አጥናፉ አርባ ነው። ክራንቿን በግራ ብብቷ ሸጉጣ፣ በቀኝ እጇ ብረቱን ይዛ። ቀኝ እግር፣ ከዚያ ግራውን መጎተት፣ ማረፍ። አራተኛው ላይ ብዙ ቆየች። ገበያነሽ ከታች ሆና እጇን አፏ ላይ ጭና ታያለች፤ ልትደግፋት ስትጠጋ «ተዪኝ!» አለቻት። አስፋልቱ ላይ ስትደርስ ማንም አላጨበጨበም፤ የሚኒባሱ ረዳት ብቻ «እማማ፣ ገቢ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። እስከዚያ ቀን እማማ ብሏት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ስትመለስ ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዞረች። ብረቱን በቀኟ ለመያዝ ያለው መንገድ ያ ብቻ ነው። አሥራ አንዱንም ደረጃ ወደ ኋላዋ፣ የምትረግጥበትን ሳታይ ወረደች። ዛሬም እንደዚያው ነው የምትወርደው። ሥራ የሚያመጡላት ሰዎች ለምደውታል።

ይህ እንዲጻፍ ስትስማማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ሁለተኛው ብረት ይሠራልኝ ብላ ትለምናለች ተብሎ ነበር የታሰበው። ሱሪውን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና እንዲህ አለች፦

«ለሚያነበው ሰው ንገሩልኝ። ጀርባዬን አመመኝ የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ሕመሙ ከሰነበተ፣ ማታ ማታ ካላበው፣ ልብሱ ከሰፋው፣ ‹ብርድ ነው› አትበሉት። ገበያነሽ ትወደኛለች፣ ጋሽ አጥናፉም ክፉ አላሰቡልኝም፣ እኔም ራሴን አልጠላሁም። ግን ሁላችንም እናውቃለን አልን። እባካችሁ ‹አላውቅም› በሉት። ‹አላውቅም› በሉትና፣ ገና በእግሩ መሄድ ሲችል ሐኪም ቤት አብራችሁት ሂዱ።»