ጉበት የማይደርሰው ብረት

ወልድያ ያየን ሐኪም የምርመራውን ውጤት ይዞ፣ የአባቴ ጉበት ላይ ትንሽ ዕጢ እንዳለ ነገረን። "ገና ትንሽ ስለሆነ ሳንቀድ በመርፌ ገብተን እዚያው በሙቀት እናቃጥለዋለን። የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። ካደገ በዚህ መንገድ አይሆንም፤ አትዘግዩ" አለ።

እኔ የያዝኩት "አትዘግዩ" የሚለውን ነው። አባቴ የያዙት "እናቃጥለዋለን" የሚለውን ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ መርሳ ልንደርስ ስንል አባቴ፣ "መቃጠል ከሆነማ እዚሁ ግራና የሚተኩሱ እያሉ አዲስ አበባ ምን አስኬደን?" አሉ።

በእኛ አገር ጉበቱን የታመመ ሰው ጎኑን በጋለ ብረት ይተኮሳል። አባቴም በወጣትነታቸው ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ተተኩሰዋል፤ ጠባሳው ቀኝ ጎናቸው ላይ አለ።

በማግስቱ በባጃጅ ወደ ግራና ሲሄዱ ተከትያቸው ገባሁ። የምናገረውን መንገዱን ሁሉ በልቤ ስደጋግም ደረስን። እንግዳ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም፤ ወንዶች በተሰበሰቡበት ደግሞ ጭራሽ።

የሚተኩሱት ሽማግሌ አባቴን ሲያዩ፣ "ዛሬም መጣህ? ያኔ አባቴ ሲተኩሱህ እንደ ጥጃ ነበር የጮህከው!" አሉ። ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። አባቴ ሸሚዛቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። ብረቱ ፍሙ ውስጥ ቀልቷል።

"አባባ፣ ይህ ብረትዎ ጉበት ይደርሳል?" አልኩ።

"ምን አለች?"

ደገምኩት።

"ኧረ ቆዳ ነው! ጉበት ከደረሰማ ገደልኩት እኮ፣ ልጄ።"

"ሐኪሙ መርፌውን ዕጢው ድረስ አስገብቶ እዚያው ነው የሚያቃጥለው። ቆዳው ላይ አይደለም። አባ፣ ጎንዎ ቆስሎ እንዴት ይሄዳሉ? ቁስሉ እስኪድን ዕጢው ቢያድግስ?"

ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም። ሽማግሌው ብረቱን ስበው አመዱ ላይ ጣሉት። "ውስጥ ድረስማ እኔ ምን አውቄ። በል ልበስ፤ ልጅህን ስማ።"

መርሳ ከባጃጁ ስንወርድ አባቴ፣ "የአዲስ አበባው አውቶቡስ ከዚህ ነው ወይስ ከወልድያ የሚነሳው?" አሉ።

አዲስ አበባ፣ በሕክምናው ክፍል የተዘጋ በር ፊት ተቀምጬ የተቃጠለ ቆዳ ሽታ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። አልመጣም። አባቴ ሲነቁ እጃቸው ቀጥ ብሎ ወደ ጎናቸው ሄደ። የድሮውን ጠባሳ አለፍ ብለው ትንሽ ፕላስተር ዳሰሱ።

"ይቺው ናት?"

"ይቺው ናት፣ አባ።"

"አልሃምዱሊላህ" አሉና መልሰው ተኙ።

ዕጢው ጨርሶ መሞቱን የሚያሳየው ምርመራ ገና ነው። አባቴ ቤታቸው ተመልሰው የማንጎ ዛፋቸውን ውኃ ያጠጣሉ። እኔ እጃቸው ወደ ጎናቸው በሄደ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ አያቸዋለሁ።