ያልተነቀለው የፊት ጥርስ

በደቡብ ኮሪያ ጄጁ ደሴት፣ በእኛ መንደር፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ከባሕር ወለል ቀንድ አውጣ ከሚለቅሙት ጠላቂ ሴቶች የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እማማ ማልጃና እማማ ኦክናም። ድሮ ሠላሳ ነበሩ። ከፊሉን ሞት፣ ከፊሉን የጉልበት ሕመም አስቀራቸው።

ባለፈው ጸደይ እማማ ማልጃን የፊት ጥርሳቸው እንቅልፍ ቢነሳቸው፣ ጎረቤት ነኝና በመኪናዬ ከተማ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ራጁን አየ።

«ሁለት ምርጫ አለዎት፣ እማማ። ዛሬውኑ ነቅዬ ልገላግልዎት፣ ወይም ሥሩን አጽድቼ ልሙላው። ይሄኛው አራት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ባሕር የለም።»

እኔ በሆዴ «ይነቀል እንጂ!» አልኩ። የቀንድ አውጣ ወቅት ነው፤ እሳቸው ደግሞ አንድ ቀን ከባሕር መቅረት የሚያንገበግባቸው ሴት ናቸው።

«ቢነቀል ፉጨቴ ይለወጣል?» አሉ።

ሐኪሙ ሳቀ። «በዚህ ዕድሜዎ ለማን ሊያፏጩ ነው?»

በጥፊ ባልኩት ደስ ባለኝ። የከተማ ልጅ ምን ያውቃል! ጠላቂ ከውሃ ብቅ ስትል የያዘችውን ትንፋሽ በጥርሷ መሃል እያፏጨች ታወጣዋለች፤ የአንዷ ፉጨት ከሌላዋ አይገጥምም። የእማማ ኦክናምን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ጭጋግ ሲወርድ የሚዋኙት የማልጃን ፉጨት ተከትለው ነው።

«አይነቀልም» አሉ ማልጃ።

ብቻን መጥለቅ ክልክል ስለሆነ ኦክናምም ቤት ዋሉ። በሦስተኛው ሳምንት ልጃቸው ከቡሳን ከተማ መጣና፣ «ባሕር ካልገባሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ፣ እማ?» ብሎ ይዟቸው ሄደ። ማልጃ ያን ቀን ሐኪም ቤት ነበሩ፤ በወጉ እንኳ አልተሰነባበቱም።

ጥርሱ ዳነ። ማልጃ ግን ብቻቸውን ቀሩ። በየቀኑ ዳርቻው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ባሕሩን ሲያዩ ይውላሉ።

አንድ ቀን ሾርባ ይዤላቸው ስገባ ስልክ ላይ ነበሩ። የኦክናም ድምፅ እስከ በሩ ይሰማል።

«ማልጃዬ፣ ጥዬሽ ሄድኩ አይደል? አንድ ሳምንት ብታገሥ ምን ነበረበት! ጥርስሽስ?»

«አልሆነም፤ ተነቀለ።»

«ውይ! ፉጨትሽስ?»

«የምን ፉጨት? ባዶ ፉፉ ሆኗል እኮ! ብትቀሪ ኖሮ በጭጋጉ መንገድ ስተሽ ጃፓን ትደርሺ ነበር።»

ኦክናም ከት ብለው ሳቁ። «እንኳን ሄድኩ በይኛ!»

«እንኳን ሄድሽ።»

ስልኩን ዘጉ። ጥርሱ ነጭ ሆኖ ቦታው ላይ አለ። አፍጥጬ ሳየው ያዙኝ።

«አንተ ደግሞ አፍህን ያዝ» አሉኝ።